ዳኛው ፌርማና ቀጥታ መስመር

ዘንድሮ በአልጄብራ ትምህርት የቀጥታ መስመርን እኩልዮሽ ስንጽፍ ከረምን። ግራፉ የሚሠራበት ሜዳ በፈረንሳዊው ፈላስፋ በዴካርት ስም እንደሚጠራም ተማርን። የርስት ሙግት ሲወራ እየሰማ ያደገ የጎጃም ልጅ ግን መሬቱን አስቀድሞ ያቀናው ማን ነው ማለቱ አይቀርምና፥ እኔም ብፈልግ ፒየር ደ ፌርማ የተባለ ዳኛ አገኘሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፌርማ በደቡብ ፈረንሳይ ቦሞን ደ ሎማኝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የቆዳ ነጋዴ ነበር። ሕግ ተምሮ በ1631 በቱሉዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሾመ፤ ይኸውም በአገራችን ዐፄ ፋሲል ከመንገሣቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ እንጀራው ዳኝነት ሲሆን፥ ሂሳብን የሚመረምረው ከችሎት በተረፈችው ሰዓት ነበር።

በዚህችው ትርፍ ሰዓት ያገኘው ነገር እንዲህ ነው። ሁለት ያልታወቁ መጠኖች አሉ እንበል። አንደኛውን ከአንድ ነጥብ ተነሥተን በአግድም እንለካዋለን፤ ሁለተኛውን ከዚያው ጫፍ ወደ ላይ እናቆመዋለን። አግድሙ በተለወጠ ቁጥር የቋሚው ጫፍ መስመር ይሠራል። መጠኖቹ በራሳቸው ወይም እርስ በርሳቸው ካልተባዙ፥ መስመሩ ምንጊዜም ቀጥ ያለ ነው። ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ 3 ኪሎ ሜትር የደረሰ መንገደኛ በደጀን መንገድ በየሰዓቱ 5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፥ ዋይ = 5ኤክስ + 3 ይሆናል፤ ከ2 ሰዓት በኋላም ከከተማው 13 ኪሎ ሜትር ርቋል ማለት ነው። 5 የመስመሩን ተዳፋት፥ 3 መነሻውን ይነግረናል።

ፌርማ ይህን የጻፈው የዴካርት የጂኦሜትሪ መጽሐፍ በ1637 ከመታተሙ አስቀድሞ ነው። ዴካርት ግን ሰረቀ አይባልም፤ እርሱም በራሱ መንገድ ደርሶበታል። እንዲያውም ኤክስና ዋይ የተባሉትን ፊደላት የለመድነው ከእርሱ ነው። ነገር ግን ዴካርት ከአስቸጋሪዎቹ ጠማማ መስመሮች ሲጀምር፥ ፌርማ የጀመረው ከቀጥታው ነበር። ስለዚህ በእኔ ፍርድ የቀጥታው መስመር ባለርስት ፌርማ ነው።

ታዲያ ስሙ ለምን ቀረ? ማሳተም አይወድም ነበርና ነው። ግኝቱን ለወዳጆቹ በደብዳቤ ይልካል፥ ወይም በሚያነበው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ይጫጭራል። በኅዳግ ላይ ጽፎ የተወው አንድ ነገር (ማረጋገጫው ለቦታው አይበቃም ብሎ!) ሊቃውንትን ከ350 ዓመት በላይ አድክሞ፥ በመጨረሻ እንግሊዛዊው አንድሩ ዋይልስ በ1995 ባሳተመው ጽሑፍ ተፈታ።

በ1653 ወረርሽኝ ይዞት ሞተ ተብሎ ተወራ፤ እርሱ ግን ዳነ። በእውነት የሞተው ለዳኝነት ሥራ በሄደበት በካስትር ከተማ፥ ጥር 12 ቀን 1665 ነው። ስለ ቀጥታው መስመር የጻፈውን ልጁ ሳሙኤል በ1679 በቱሉዝ አሳተመው። የዴካርት መጽሐፍ ከወጣ ያን ጊዜ 42 ዓመት ሆኖት ነበር።