እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፤ በዲቦራና በሕልዳና ፈለግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኛ የቂርቆስ አካባቢ ምእመናን ሕፃኑን ሰማዕት ስንጠራ እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን አብረን እንጠራለን፤ እናት በሃይማኖት ቀድማ ስትሄድ ማየት እንግዳ አይሆንብንም። በብሉይ ኪዳንም ነቢይት ዲቦራ በተራራማው በኤፍሬም አገር፣ በራማና በቤቴል መካከል ከዘንባባ ዛፍ በታች ተቀምጣ በእስራኤል ላይ ትፈርድ ነበር፤ የጦር አለቃው ባርቅም ያለ እርሷ ሊዘምት አልወደደም። በንጉሥ ኢዮስያስ በ18ኛው ዓመት የሕጉ መጽሐፍ በቤተ መቅደስ በተገኘ ጊዜ ካህኑ ኬልቅያስ ከንጉሡ መልእክተኞች ጋር የሄደው ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ነው። በዚያ ዘመን ኤርምያስ ትንቢት መናገር ጀምሮ እንደ ነበር ልብ ይሏል።

የእነዚህን ቅዱሳት እናቶች ፈለግ በአገራችን የተከተለችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። የዐፄ ሱስንዮስ መኰንን ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ዐረፉ። ልቧ ወደ ምንኵስና አዘነበለ፤ በሌሊትም ከቤቷ ወጣች። ባሏ ጭፍራ አስከትሎ የተጠለለችበትን አገር ባስጨነቀ ጊዜ ግን፣ በእርሷ ምክንያት ሕዝቡ እንዳይጎዳ ብላ ተመለሰች። በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏ ከንጉሡ ወገን ነበርና ከእርሱ ጋር መኖር አልተቻላትም። ተለይታ መነኰሰች፤ እኅተ ክርስቶስ የምትባል መነኵሲትም እስከ ዕረፍቷ አልተለየቻትም።

ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት በአዋጅ ሲያጸና እርሷ እየተዘዋወረች ሕዝቡ በአባቶቹ እምነት እንዲጸና ታስተምር ነበር። ስለዚህ በንጉሡ ፊት ቀረበች፤ የሮም መምህራን ሊያሳምኗት ደክመው አልሆነላቸውም። በመጨረሻም ወደ ዠበይ ቆላ ለሦስት ዓመት በግዞት ተላከች። የሚገርመው የመጀመሪያው ማኅበሯ የተሰበሰበው በዚያው በግዞት ምድር መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ በምጽሌ፣ በዘጌና በሌሎችም ቦታዎች ጨምራ በጠቅላላው ሰባት ማኅበራትን መሠረተች። ወንዶችም ሴቶችም መነኰሳት ይከተሏት ነበር፤ የባላባት ልጅ ሳለች እህል ትፈጭ፣ እንጨት ትሸከም ነበር።

ታዲያ ተቃውሞ የመጣባት ከባዕዳን ብቻ አይደለም። ከገዛ ሊቃውንቶቻችን አንዳንዶቹ የሐዋርያውን የቅዱስ ጳውሎስን ቃል እየጠቀሱ ሴት እንዴት ታስተምራለች፣ ለወንዶችስ እንዴት አለቃ ትሆናለች ብለው ነቀፏት። የዘመኑ ታላቅ መምህር አባ ፈትለ ሥላሴ ግን ተከራከሩላት፤ እግዚአብሔር ያስነሣት እኛ መምህራኑ ስለ ደከምን ለእኛ ተግሣጽ ነው አሉ። ወቀሳውን በራሳቸው ላይ ማዞራቸው ለእኛ ለአገልጋዮች ዛሬም ይከብዳል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት ይገባል፤ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ክህነትን አልጠየቀችም፣ ቀሳውስትም ከማኅበሯ አልጠፉም። ዲቦራ የአሮንን ሹመት እንዳልተመኘች ሁሉ እርሷም የተሰጣትን መንጋ መጠበቅ ብቻ ያዘች።

በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ሲተው ድካሟ ፍሬ አፈራ። እርሷም በ50 ዓመቷ፣ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። እኅተ ክርስቶስ በእግሯ ተተክታ ማኅበሩን መራች። ከ30 ዓመት በኋላም ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ገድሏን ጻፈ፤ በስሟ የሚጠራው ገዳም እስከ ዛሬ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በቆራጣ አለ።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎቷና በረከቷ ይደርብን፤ አሜን።