የአበበ ቢቂላ ታሪክ

በከፋ አገር በቦንጋ አቅራቢያ ማንኪራ የሚባል ደን አለ። በዚያ ደን ውስጥ ቡና በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ከሩቅ የሚመለከት ሰው ረጃጅሞቹን ዛፎች ብቻ ያያል፤ ቡናውን ግን አያየውም። የቡናው ችግኝ ዓመታት ካላለፉ በቀር ፍሬ አይሰጥም። ነገር ግን በጥላው ውስጥ ሆኖ ሥሩን ይሰዳል። ጊዜውም በደረሰ ጊዜ ቀይ ፍሬ ያፈራል፤ ስሙም በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው።

በሰው መካከልም እንዲሁ ነው። ማንም ሳያውቀው በጸጥታ የሚሠራ፣ በጊዜውም ፍሬ የሚሰጥ ሰው አለ። ከእነዚህም አንዱ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነበረ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ይጠብቅ ነበር፤ ከእኩዮቹም ጋራ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። ገና ብዙ ሩጫ ያለበት ጨዋታ ስለ ሆነ እግርን ያበረታል፤ እስትንፋስንም ያሰፋል። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ይህን ልጅ ከሌሎች እረኞች ለይቶ የሚያየው ሰው አልነበረም።

ጐልማሳም በሆነ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ የክብር ዘበኛ ወታደርም ሆነ። ከሱሉልታ ኰረብቶች እስከ አዲስ አበባ ድረስ በየዕለቱ በሩጫ ይመላለስ ነበር። በመንገዱ የሚያጨበጭብለት ሕዝብ አልነበረም፤ የሚጠብቀውም ሽልማት አልነበረም። እርሱ ግን ዛሬ የሮጠውን መንገድ ነገም ደግሞ ይሮጠው ነበር።

በዚያን ጊዜ ኦኒ ኒስካነን የሚባል የስዊድን ሰው ለክብር ዘበኛ የስፖርት አሠልጣኝ ነበረ። ይህም ሰው የአበበን ትጋት ተመልክቶ ያሠለጥነው ጀመር። በ1952 ዓ.ም. አበበ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የማራቶን ውድድር ሮጦ አሸነፈ። የማራቶን ሩጫ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ይህም ጠንካራ መንገደኛ ከጧት እስከ ማታ የሚሄደው መንገድ ነው። ከአንድ ወር በኋላም እንደ ገና ሮጦ አሸነፈ። ስለዚህ አበበ ዋቅጅራ ከሚባል ሌላ ሯጭ ጋራ ወደ ሮም ኦሊምፒክ ተላከ።

በሮም ከተማ ከብዙ አገር የመጡ ስመ ጥር ሯጮች ተሰብስበው ነበር። አበበ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ ስሙ የማይታወቅ የ28 ዓመት ወታደር ነበረ። ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው የውጭ አገር ሰው አልነበረም። ደግሞም የተሰጠው አዲስ ጫማ ለእግሩ አልተስማማውም። እርሱም በአገሩ ያለ ጫማ መሮጥ የለመደ ስለ ሆነ በባዶ እግሩ ሊሮጥ ቈረጠ።

ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ይህም የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ዋዜማ ነበረ። ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ባዘነበለች ጊዜ ሯጮቹ ተነሡ። ጨለማም በሆነ ጊዜ ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ቆመው ችቦ አበሩላቸው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ። በመጨረሻም አበበና የሞሮኮው ሯጭ ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ጐን ለጐን ይሮጡ ጀመር።

በዚያን ዘመን የአክሱም ሐውልት በሮም ከተማ ቆሞ ነበር። የኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ይህን ታላቅ ድንጋይ ከአክሱም ወስዶ በከተማው መካከል አቁሞት ነበር። ሩጫው ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ አበበ ሐውልቱ ወዳለበት ስፍራ ደረሰ። በዚያም አጠገብ ኃይሉን ጨምሮ ተስፈነጠረና ጓደኛውን ቀደመ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ ከሁሉ ፊት ነበረ። የሮጠበትም ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የሮጠ ሰው አልነበረም። ራዲም ከ25 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛ ሆኖ ገባ።

ይህ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ። ከሃያ አራት ዓመት በፊት የኢጣልያ ጦር ብዙ መሣሪያ ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። አበበ ግን መሣሪያ ሳይይዝ፣ ጫማም ሳያደርግ ወደ ሮም ገብቶ ድል አደረገ፤ በድሉም ማንም ሰው አልሞተም፤ የማንም ቤት አልተቃጠለም። ሐውልቱም ከብዙ ዘመን በኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ተተከለ።

አበበ ከዚህ ድል በኋላ ሥራውን አልተወም። ሁልጊዜም አላሸነፈም፤ በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ በሮጠ ጊዜ አምስተኛ ሆነ። በዚህም ተስፋ ሳይቈርጥ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ይዘጋጅ ጀመር። ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ግን ትርፍ አንጀቱን ታመመ፤ ሐኪሞችም ሆዱን ቀደው አከሙት። ብዙ ሰዎች ከእንግዲህ ወዲህ ለመሮጥ አይችልም ብለው አሰቡ። እርሱ ግን ቍስሉ እንደ ዳነ ልምምዱን ቀጠለ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከአበበ በፊት አልነበረም።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። ነገር ግን እግሩን ስለ ታመመ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ከውድድሩ ወጣ። በዚያ ቀን ያሸነፈው የአገሩ ልጅና የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነው። ስለዚህ የማራቶን ወርቅ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጣ።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አበበ ብርቱ መከራ አገኘው። በሌሊት ሲነዳት የነበረችው ትንሽ መኪና ተገለበጠችና ከውስጧ መውጣት አቃተው። አከርካሪው ስለ ተጐዳ፣ በሮምና በቶኪዮ ዓለምን የቀደሙት እግሮች ከዚያ በኋላ ሊያቆሙት አልቻሉም። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ስቶክ ማንደቪል በሚባለው ሆስፒታል ብዙ ወራት ታከመ። እጆቹ ኃይላቸውን መልሰው አገኙ፤ እግሮቹ ግን አልዳኑም።

ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት በዚህ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይተኛ ነበር። አበበ ግን እግሩ ስለ ቀረ እጁን አላጠፈም። ባለ መንኰራኵር ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርንና የጠረጴዛ ቴኒስን ተማረ፤ በስቶክ ማንደቪልም እንደ እርሱ አካላቸው ከተጐዳ ሰዎች ጋራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ አገር ሄዶ በበረዶ ላይ ውሾች በሚስቡት መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። በሱሉልታ መንገድ ብቻውን ይሮጥ ለነበረው ወታደር፣ አሁን በወንበር ላይ ሳለ የዓለም ሕዝብ ቆመለት።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እጅግ ብዙ ሕዝብም በቀብሩ ላይ ተገኙ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሰው ስላላወቀን ሥራችንን መተው አይገባም፤ ቡና በጥላ ሥር እንደሚያድግ ትጋትም በስውር ያድጋልና። ሁለተኛው፣ ከእጃችን የወጣውን እያሰብን የቀረልንን መጣል አይገባም። አበበ እግር በነበረው ጊዜ በእግሩ ሮጠ፤ እግሩ በቀረ ጊዜ በእጁ ሠራ። በሮም ድል ያደረገው ጓደኞቹን ነበር፤ በወንበሩ ላይ ሆኖ ግን መከራን ድል አደረገ። የሁለተኛውም ድል ከፊተኛው አያንስም።