ባሕርን በልቡ የያዘው ሠዓሊ

ዝነኛው የባሕር ሠዓሊ ኢቫን አይቫዞቭስኪ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1817 ዓ.ም. በክራይሚያ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ባለችው በፌዎዶስያ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ አርመናውያን ነበሩና የቤተ ክርስቲያናችን እኅት በሆነችው በአርመን ቤተ ክርስቲያን፣ በቅዱስ ሰርኪስ ደብር ተጠመቀ። አባቱ ነጋዴ ቢሆንም ንግዱ ስለ ከሠረበት ብላቴናው በችግር አደገ። በነጭ የቤት ግድግዳ ላይ በከሰል ይሥል እንደ ነበር ይነገራል። ተሰጥዎውን ያዩ ሹም ረድተውት በ1833 በሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ።

ገና ተማሪ ሳለ በ1836 ከባልቲክ የጦር መርከቦች ጋር ተጓዘ፤ በ1839ም ከጥቁር ባሕር መርከበኞች ጋር ሰነበተ። ሸራ እንዴት እንደሚወጠር፣ ነፋስ ምሰሶን እንዴት እንደሚያጎብጥ፣ ሞገድ ከመሰበሩ በፊት ብርሃን እንዴት ዘልቆት እንደሚያልፍ ከመርከብ ላይ ሆኖ አጠና። በ1844 የሩሲያ ባሕር ኃይል ዋና መምሪያ ሠዓሊ ሆኖ ተሾመ።

አይቫዞቭስኪ ሞገድን ፊት ለፊት አይቶ መሣል አይቻልም ብሎ ያምን ነበር፤ ሠዓሊው ብሩሹን እስኪያነሣ ሞገዱ አልፏልና። ስለዚህ በባሕር ላይ ያየውን በልቡናው አኑሮ፣ ከየብስ ሲመለስ በትዝታ ይሥለው ነበር።

ይህ ትዝታ በዋጋ የተገኘ ነው። በወጣትነቱ የተሳፈረባት መርከብ በቢስካይ ባሕረ ሰላጤ በማዕበል ተመትታ ለጥቂት ተረፈች፤ እርሱም እንደ ሞተ ተወርቶ ነበር። በ1850 የሣለው «ዘጠነኛው ማዕበል» ያንን ፍርሃት በሚያውቅ እጅ የተሠራ ነው። መርከባቸው የሰጠመባቸው ጥቂት ሰዎች በተሰበረ ምሰሶ ተንጠልጥለዋል፤ በመርከበኞች ልማድ ከሁሉ የሚበረታው ዘጠነኛው ሞገድ መጥቶባቸዋል። ይሁን እንጂ ከሞገዱ በስተኋላ የንጋት ፀሐይ ወጥታለች። ሠዓሊው ጌታችን በባሕር ላይ ሲራመድም ደጋግሞ ሥሏል።

ፌዎዶስያ በባሕር አጠገብ ሳለች የሚጠጣ ውሃ የሚቸግራት ከተማ ነበረች። እርሱም በ1887 ከርስቱ ምንጭ በየቀኑ 50,000 ባልዲ ውሃ ለሕዝቡ ሰጠ። ወደ 6,000 የሚጠጉ ሥዕሎችን ሠርቶ በ1900 ሲያርፍ፣ የጀመረው የመርከብ ሥዕል ሳይጠናቀቅ ቀረ። ሥጋውም በተጠመቀባት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዐረፈ።