በ13 ዓመታቸው የተዳሩት ወይዘሮ ሁዳ ሻራዊ

በማኅበራችን ስለ ውልና ፊርማ በተነሳ ቁጥር ግብፃዊቷን ሁዳ ሻራዊን እናስታውሳለን። የተወለዱት በ1879 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሚንያ ከባለጸጋ ቤት ነው። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ሞቱባቸው። ታናሽ ወንድማቸው ወንድ በመሆኑ ብቻ በቤት ውስጥ እንደሚበልጣቸው እያዩ አደጉ። በ13 ዓመታቸው በዕድሜ እጅግ ለሚበልጧቸው ሞግዚታቸውና ዘመዳቸው ለአሊ ሻራዊ ተዳሩ።

እናታቸው ግን ብልህ ነበሩ። ባልየው ወደ ቀድሞዋ ሴት ቢመለሱ ጋብቻው እንዲፈርስ በውሉ ላይ አስጻፉ። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህችን አንቀጽ እንወዳታለን፤ ባይጻፍ ኖሮ በምን ይከራከሩ ነበር? ባልየው ቃላቸውን አላከበሩም። ሁዳም 7 ዓመት ተለይተው ኖሩ፤ ፈረንሳይኛቸውንና ፒያኖውን ቀጠሉ። ኋላ ታርቀው ሁለት ልጆች ወለዱ።

በ1919 እንግሊዞች የአገሪቱን መሪዎች ወደ ማልታ ሲያግዙ ባልና ሚስቱ አብረው ታገሉ። ሁዳ ሴቶችን አሰልፈው በካይሮ ጎዳና ወጡ፤ ወታደሮችም ከበው በፀሐይ አቆሟቸው። ነገር ግን በ1923 ሕገ መንግሥቱ ሲወጣ የምርጫ መብት የተሰጠው ለወንዶች ብቻ ሆነ። አብረው የተሰለፉት ሴቶች ተረሱ።

ሁዳ በዚያው ዓመት የግብፅ ሴቶች ኅብረትን መሠረቱ። ከሮም ጉባኤ ሲመለሱም በካይሮ ባቡር ጣቢያ የፊታቸውን መሸፈኛ በሰው ፊት አወለቁ። ብዙ ሰው የሚያወራው ይህን ነው። ለእኛ ግን የሚበልጠው በዚያው ዓመት የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ16 እንዳያንስ በሕግ መወሰኑ ነው።

ግብፃውያን ሴቶች መምረጥ የቻሉት በ1956 ነው። ወይዘሮ ሁዳ በ1947 ዐርፈው ነበር።