ጄምስ ብሬይድውድና የቱሊ ጎዳና የብረት በሮች

የሕንፃ የእሳት ደኅንነት ደንብ ዛሬ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የግድግዳውን ውፍረት፣ የደረጃውን ስፋትና የበሩን ዓይነት አንድ በአንድ ዘርዝሮ ያዛል። ሁለተኛው ግን ግቡን ብቻ ይደነግጋል፤ ይኸውም ነዋሪው በጊዜ እንዲወጣ፣ ሕንፃው ሳይፈርስ እንዲቆይ፣ እሳቱም ከተነሣበት ክፍል እንዳያልፍ ካዘዘ በኋላ፣ ግቡ የሚደረስበትን መንገድ መርጦ በስሌት ማስረዳቱን ለመሐንዲሱ ይተዋል። በተለይ ለረጃጅም ሕንፃዎች የተስፋፋው ይህ ሁለተኛው አሠራር የሃያኛው መቶ ዓመት ፍሬ ነው። ሕንፃን በስሙ ሳይሆን በእሳት ውስጥ በሚያሳየው ጠባይ መመዘን እንደሚገባ አስቀድመው ካስተማሩት አንዱ ግን ጄምስ ብሬይድውድ ነበር።

ብሬይድውድ በ1800 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። አባቱ በአናጢነትና በሕንፃ ሥራ የሚተዳደር ሰው ስለ ነበር፣ ልጁም በዚሁ ሙያ ሠለጠነ። ወለል በምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ በጣሪያና በኮርኒስ መካከል ምን ዓይነት ክፍተት እንደሚገኝ ያወቀው በዚህ የሥራ ቦታ ነው። ይህም ዕውቀት በኋላ ከማንኛውም ፓምፕ ይልቅ ጠቃሚ መሣሪያው ሆነ።

የኤዲንብራ አሮጌው ክፍል በጠባብ መተላለፊያዎች መካከል የተጨናነቁ፣ ለዘመኑ እጅግ ረጃጅም የሆኑ መኖሪያ ቤቶች የነበሩበት ነው፤ አንዳንዶቹ በጀርባቸው በኩል ከ10 ፎቅ በላይ ነበሩ። ከተማው በ1824 አንድ ወጥ የእሳት አደጋ ጓድ ሲያቋቁም፣ ገና የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ብሬይድውድ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ጓዱ በቅጡ ሳይሠለጥን፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ታላቁ የኤዲንብራ ቃጠሎ ተነሣ። እሳቱ ለቀናት ነድዶ ብዙ ቤተ ሰቦችን ያለ መጠጊያ አስቀረ። ትእዛዝ ሰጪው በበዛበትና ኃላፊነቱ ባልተለየበት ስፍራ ድፍረት ብቻውን እንደማይበቃ ወጣቱ አዛዥ ከዚህ አደጋ ተረዳ።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹን ከግንበኞች፣ ከአናጢዎች፣ ከጣሪያ ሠሪዎችና ከቧንቧ ሠራተኞች መካከል መረጠ። ጎሕ ሳይቀድ በጨለማ ያለማምዳቸው ነበር። ውሃን ከመንገድ ላይ በመስኮት መርጨት ከንቱ ድካም መሆኑን አስረድቶ፣ ወደ ሕንፃው ገብተው የእሳቱን ሥር እንዲመቱ አስተማራቸው። ነገር ግን ማንም ብቻውን እንዳይገባ አጥብቆ ከለከለ። ይህን አሠራር በ1830 በመጽሐፍ አሳተመ።

በ1833 አሥር የሎንዶን የኢንሹራንስ ኩባንያዎች እሳት አጥፊዎቻቸውን በአንድ ድርጅት ሥር ሲያዋሕዱ፣ እንዲመራቸው የጠሩት ብሬይድውድን ነበር። ግዙፍ ለሆነችው ከተማ የተሰጡት ሰዎች ወደ 80 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት በጥቅምት ወር የፓርላማው ቤተ መንግሥት ሲቃጠል ጥንታዊው የዌስትሚኒስተር አዳራሽ በብዙ ትግል ተረፈ።

ይሁን እንጂ የብሬይድውድ ታላቅ ሥራ እሳት በማጥፋት ብቻ የሚለካ አይደለም። በዚያ ዘመን በቴምዝ ወንዝ ዳር የሚሠሩት ሰፋፊ መጋዘኖች በቅርጽ ፈስሶ በተሠራ ብረት ምሰሶዎችና ተሸካሚዎች ላይ ስለሚቆሙ፣ እሳት የማይበግራቸው እየተባሉ ይወደሱ ነበር። ብሬይድውድ በ1849 ለእንግሊዝ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ይህን እምነት ተቃወመ። ብረት አይነድም፤ ነገር ግን ሲግል ተለጥጦ ግድግዳውን ይገፋል፣ ጥንካሬውንም ያጣል፤ የጋለው ምሰሶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። እንጨት ሲቃጠል በጩኸቱና በመጉበጡ ያስጠነቅቃል፤ እንዲህ ያለው ብረት ግን ሳያስጠነቅቅ ይወድቃል። ስለዚህ የማይነድ ነገርና እሳትን የሚቋቋም ሕንፃ አንድ አለመሆናቸውን አስረዳ።

ከዚህም አልፎ፣ የአንድ መጋዘን ስፋት እሳት አጥፊዎች በእጃቸው ባለው መሣሪያ ሊቆጣጠሩት ከሚችሉት መጠን እንዳይበልጥ ደጋግሞ አሳሰበ። የ1855ቱ የሎንዶን የሕንፃ ሕግ በግንብ ያልተከፋፈለ መጋዘን ከ216,000 ኪዩቢክ ጫማ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ይህም እያንዳንዱ ጎኑ 60 ጫማ የሆነ ክፍል ማለት ነው። ቁጥሩ ራሱ ደረቅ ትእዛዝ ቢመስልም፣ ከበስተ ጀርባው ያለው ጥያቄ እሳቱ ምን ያህል ያድጋል፣ ሰውስ ምን ያህሉን ሊያሸንፍ ይችላል የሚል ነበር።

ሰኔ 22 ቀን 1861 በቱሊ ጎዳና አጠገብ በኮተን የወደብ መጋዘን እሳት ተነሣ። ጥጥ፣ ጁት፣ ሞራና ስኳር በአንድነት ተከማችተው ነበር። በመጋዘኖቹ መካከል እሳት እንዳያልፍ የተሠሩት የብረት በሮች ክፍት ስለ ነበሩ፣ ነበልባሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ከልካይ ተሸጋገረ። ብሬይድውድ ደክመው የነበሩ ሰዎቹን ለማበረታታት በመካከላቸው ሲዘዋወር፣ አንድ ግድግዳ በድንገት ተደርምሶ ገደለው። አስከሬኑ ከፍርስራሹ ሥር ሊወጣ የቻለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እሳቱ ፈጽሞ የጠፋው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲሆን፣ ጥፋቱም ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። የሎንዶን ሕዝብ ታላቅ ቀብር አደረገለት። ኩባንያዎቹ ሸክሙን እንደማይችሉ በማስታወቃቸው በ1865 ሕግ ወጣ፤ ከ1866 ጀምሮም እሳትን መከላከል በሎንዶን የሕዝብ አገልግሎት ሆነ።

የቱሊ ጎዳና ትምህርት ግን በዚያ አላበቃም። እንግሊዝ በ1985 የሕንፃ ደንቧን ከዝርዝር ትእዛዝ ወደ ግብ ድንጋጌ ለወጠች። ሰኔ 14 ቀን 2017 ግን በሎንዶን ባለ 24 ፎቁ የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። ደንቡ የውጭው ግድግዳ የእሳትን መስፋፋት በበቂ ሁኔታ እንዲቋቋም ያዝዝ ነበር፤ በግድግዳው ላይ የተለበጠው ግን የሚነድ ነገር ሆኖ ተገኘ። ነዋሪዎች በየቤታቸው እንዲቆዩ የተነገራቸውም እሳቱ ከአንድ ቤት አያልፍም በሚል ግምት ነበር። በራሳቸው መዘጋት ከነበረባቸው የቤት በሮችም አንዳንዶቹ መዝጊያ መሣሪያቸው የተበላሸ ወይም የጠፋ ነበር።

በግብ ላይ የተመሠረተ ደንብ ለመሐንዲሱ ነፃነት ይሰጣል፤ በዚያው ልክ ግምቱን ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ያኖራል። በወረቀት ላይ በሩ ዘወትር ዝግ ነው፤ በሥራ ቀን ግን ዕቃ የሚያመላልስ ሠራተኛ በድንጋይ አስደግፎ ከፍቶት ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአበው ምክር ለንድፍ ሥራም ይሠራል፤ ስሌቱ የቆመበት ግምት ሁሉ ተጽፎ ለሕንፃው ባለቤት ሊሰጥ፣ ሕንፃው አገልግሎት እስከሚሰጥበት ጊዜ ድረስም በየወቅቱ ሊመረመር ይገባል። ብሬይድውድ መጋዘኖችን የመረመረው በስማቸው ሳይሆን በእሳት ውስጥ በሚሆኑት ነበር። የሞተውም ዝግ ይሆናሉ ተብለው የታሰቡ በሮች ክፍት በነበሩበት ቀን ነው።