ከትራሱ ሥር ያልተለየች ወንጌል፦ የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በፍርድ ቀን ከሚጠይቀን ነገሮች አንዱ የታሰሩትን መጎብኘታችን እንደ ሆነ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተጽፎ እናነባለን። ቃሉን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነገር ግን ወደ ወህኒ ቤት ደርሰን የሰጠነው ጥቂት ነገር፣ የተናገርነውም አጭር የማጽናኛ ቃል ምን እንደሚያፈራ በዓይናችን ስለማናይ እጃችን ይዝላል። ዛሬ የምንመለከተው በዓለም ሥነ ጽሑፍ ስሙ የገነነው ሩሲያዊው ደራሲ የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ሕይወት ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተምረናል። ይህ ሰው የጻፋቸው መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን በተለይ የምናተኩረው እርሱ ባልጻፋት፣ በእስር ሳለ በተሰጠችው አንዲት ትንሽ የሐዲስ ኪዳን መጽሐፍ ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ሲሆኑ፣ ቀናቱ በዘመኑ ሩሲያ ትጠቀምበት በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በ1821 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ማሪንስኪ በተባለው የድኾች ሆስፒታል ሐኪም ነበር፤ ቤተሰቡም የሚኖረው በዚያው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሕፃኑ ፊዮዶር ገና ከልጅነቱ ጀምሮ ድኾችንና ሕሙማንን እያየ አደገ። እናቱ ማርያ ንባብ ያስተማረችው ከብሉይና ከሐዲስ ኪዳን ታሪኮች ተውጣጥቶ ለልጆች በተዘጋጀ መጽሐፍ ነበር። ልጆቿንም ይዛ በሞስኮ አቅራቢያ የሚገኘውን፣ በቅዱስ ሰርግዮስ ስም የሚታወቀውን የሥላሴ ገዳም ትሳለም ነበር። እናት በልጇ ልቡና የምትዘራው ዘር ወዲያው ባይበቅልም እንኳ እንደማይጠፋ ከዚህ ሰው ሕይወት ኋላ እንረዳለን።

እናቱ በ1837 በሳንባ ነቀርሳ ስታርፍ ፊዮዶር የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያም በሴንት ፒተርስበርግ ወደሚገኘው የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያ ሳለም በ1839 አባቱ ሞተ። ትምህርቱን ፈጽሞ ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ በ1844 ከውትድርና ተሰናብቶ ሙሉ ጊዜውን ለድርሰት ሰጠ። በ1846 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በአንድ ጊዜ ዝነኛ አደረገው። ዕድሜው ገና 24 ዓመት ነበር።

ዝና ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ወጣቱ ደራሲ በዘመኑ ከነበሩ፣ እምነትን እንደ ኋላ ቀርነት ከሚቆጥሩ ምሁራን ጋር ወዳጅነት ገጠመ። ፔትራሼቭስኪ በተባለ ሰው ቤት እየተሰበሰቡ ስለ ማኅበራዊ ለውጥ ከሚወያዩት ሰዎችም አንዱ ሆነ። በዚያም ጉባኤ መንግሥትንና ቤተ ክርስቲያንን በብርቱ የሚነቅፍ፣ እንዳይሰራጭ የተከለከለ ደብዳቤ አነበበ። ኋላ ለሞት ፍርድ ካበቁት ክሶች ዋናው ይህ ነበር።

በሞት ደጃፍ

በሚያዝያ ወር 1849 ሌሊት ከነጓደኞቹ ተይዞ በጴጥሮስና ጳውሎስ ምሽግ ስምንት ወር ታሰረ። በታኅሣሥ 22 ቀን ማለዳ እስረኞቹን በብርቱ ብርድ ወደ ሴሚዮኖቭስኪ አደባባይ አወጧቸው። የሞት ፍርዱ ተነበበላቸው፤ ካህኑም የሚሳለሙትን መስቀል አቀረበላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ከግንድ ጋር ታሰሩ፤ ወታደሮችም ጠመንጃቸውን አነጣጠሩ። ዶስቶየቭስኪ ከሚቀጥሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርና ከጥቂት ደቂቃ በላይ ዕድሜ እንደሌለው አመነ።

በዚያች ቅጽበት ከበሮ ተመታ፤ የንጉሡ የቀዳማዊ ኒኮላስ የምሕረት ትእዛዝም ተነበበ። ምሕረቱ አስቀድሞ የተወሰነ ሲሆን፣ በአደባባይ የተደረገው ሁሉ እስረኞቹን ለማስፈራራት የታቀደ ነበር። ከግንዱ ከታሰሩት አንዱ በዚያ ድንጋጤ አእምሮውን ሳተ። የዶስቶየቭስኪ ፍርድ አራት ዓመት በሳይቤርያ ከባድ ሥራ እንዲሠራ፣ ከዚያም ተራ ወታደር ሆኖ እንዲያገለግል ተለወጠ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በልደት ዋዜማ ሌሊት፣ እግሮቹ በብረት ታስረው በበረዶ ላይ በሚነዳ ጋሪ ጉዞ ጀመረ።

የአንድ ሰዓት ጉብኝት

በጥር ወር 1850 እስረኞቹ በሳይቤርያ ቶቦልስክ ወደምትባል ከተማ ደረሱ። በዚያ አካባቢ በ1825 በንጉሡ ላይ በተነሣው ዐመፅ ምክንያት የተጋዙ መኳንንት ይኖሩ ነበር። ሚስቶቻቸው ምንም በደል ሳይኖርባቸው ማዕረጋቸውን፣ ሀብታቸውንና ዘመዶቻቸውን ትተው ባሎቻቸውን ተከትለው ወደዚያ ምድር ወርደዋል። እነዚህ ሴቶች የአዲሶቹን እስረኞች መምጣት በሰሙ ጊዜ ጠባቂዎቹን ለምነው ሊጎበኟቸው ገቡ። ናታልያ ፎንቪዚና የተባለችው ወይዘሮ ከእነርሱ አንዷ ነበረች።

ጉብኝቱ የአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ሴቶቹ እስረኞቹን አጽናኑ፤ በመስቀል ምልክት ባርከው ሸኟቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም አንዳንድ ሐዲስ ኪዳን ሰጧቸው። በመጽሐፉም ሽፋን ውስጥ ዐሥር ሩብል ሸሽገው ነበር። በወህኒ ቤቱ እስረኞች ይዘው እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው መጽሐፍ ይህ ብቻ ነበር።

ዶስቶየቭስኪ በኦምስክ ወህኒ ቤት አራት ዓመት አሳለፈ። ቀንና ሌሊት ከእግሩ ብረት አይወልቅም ነበር። የሚያድሩበት የእንጨት ቤት በክረምት ብርዱ፣ በበጋ ሙቀቱ የማይቻል፣ ተባይ የሞላበትና ጠረኑ የሚከብድ ነበር። አብረውት የታሰሩት ገበሬዎች ከመኳንንት ወገን በመሆኑ ይጠሉት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያሠቃየው የሚጥል በሽታም በዚያ ጸናበት። በዚህ ሁሉ መካከል ሐዲስ ኪዳኑ ከትራሱ ሥር አልተለየችም። እርሱ ራሱ ኋላ እንደ መሰከረው ለብቻው ያነብባት፣ ለሌሎችም ያነብላቸው ነበር፤ አንድ እስረኛንም በእርሷ ንባብ አስተማረ።

የጥርጥርና የእምነት ትግል

ዶስቶየቭስኪ በ1854 ከእስር ሲወጣ ለፎንቪዚና ደብዳቤ ጻፈላት። በደብዳቤውም ጥርጥር እንደሚፈታተነው ሳይሸሽግ ገለጠላት፤ የማመን ጥማቱም ተቃራኒ ሐሳቦች በበዙበት መጠን እንደሚበረታበት ነገራት። ከክርስቶስ የበለጠ የተወደደና ፍጹም የሆነ እንደሌለም መሰከረ። እኛም ይህን የምንጠቅሰው ጥርጥርን ለማመስገን አይደለም። ሰው በጥርጥር ሲፈተን ከወንጌል መሸሽ ሳይሆን ወንጌልን አጥብቆ መያዝ እንደሚገባው የዚህ ሰው ሕይወት ስለሚያሳየን ነው።

በ1859 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ። በ1864 ሚስቱና ታላቅ ወንድሙ በጥቂት ወራት ልዩነት ሞቱበት፤ የወንድሙ ዕዳና ቤተሰብም በእርሱ ላይ ወደቀ። በ1866 የወጣው ወንጀልና ቅጣት የተባለው ልብ ወለድ የተጻፈው በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው። በዚያ መጽሐፍ ነፍስ ያጠፋው ወጣት ራስኮልኒኮቭ የአልዓዛርን ከሞት መነሣት ታሪክ ሶንያ ከተባለች ምስኪን ሴት አፍ ሲነበብ ይሰማል። በታሪኩ መጨረሻ ወደ ሳይቤርያ ሲጋዝም ያቺው ሐዲስ ኪዳን ከትራሱ ሥር ትገኛለች። በኦምስክ የነበረችው መጽሐፍ በልብ ወለዱ ውስጥም ቦታዋን እንዳገኘች አንባቢ ልብ ይሏል።

ይሁን እንጂ ዶስቶየቭስኪ ከድካም የራቀ ሰው አልነበረም። በ1867 አና የተባለችውን ወጣት አግብቶ ከአበዳሪዎቹ በመሸሽ አራት ዓመት በውጭ አገር ሲኖር የቁማር ባሪያ ሆኖ ነበር። የሚስቱን ልብስና ቀለበት ሳይቀር አስይዞ ይጫወት ነበር። በ1868 በጄኔቭ የተወለደችው የበኵር ልጃቸው ሶንያ በሦስት ወሯ ሞተችባቸው። አና ግን አልተወችውም፤ ታገሠችው። በ1871 ቁማርን ተወ፤ ዳግመኛም አልተመለሰበትም። በትዳር ላሉ ወገኖቻችን የዚህች ሴት ትዕግሥት ታላቅ ምሳሌ ነው።

በኦፕቲና ገዳም

በግንቦት ወር 1878 ሦስት ዓመት ያልሞላው ትንሹ ልጁ አልዮሻ በሚጥል በሽታ ታሞ ሞተ። በሽታው ከአባቱ የወረሰው ነበርና የአባትየው ኀዘን እጥፍ ድርብ ሆነ። ሚስቱ የኀዘኑን ብርታት አይታ ወደ ኦፕቲና ገዳም እንዲሄድ አደረገች። በዚያም በምክራቸውና በጸሎታቸው ስማቸው የተሰማውን አረጋዊውን መነኩሴ አባ አምብሮስዮስን አንድ ጊዜ በሕዝብ መካከል፣ ሁለት ጊዜም ለብቻው አገኛቸው። ተጽናንቶም ተመለሰ።

ይህ ኀዘንና ይህ መጽናናት የካራማዞቭ ወንድማማቾች በተባለው በመጨረሻው ታላቅ ልብ ወለዱ ውስጥ ገብቷል። አባ ዞሲማ የተባሉት መነኩሴ ልጇን ቀብራ የመጣችን እናት ያጽናኑባቸው ቃላት ከአባ አምብሮስዮስ የተሰሙ እንደ ነበሩ አና በማስታወሻዋ ጽፋለች። ከመጽሐፉ ወንድማማቾች ታናሹና የዋሁ አልዮሻ ይባላል። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ የተጻፈው ደግሞ በዮሐንስ ወንጌል 12፥24 የሚገኘው፣ በምድር ወድቃ ስለምትሞትና ብዙ ፍሬ ስለምታፈራ የስንዴ ቅንጣት የሚናገረው የጌታ ቃል ነው። ይኸው ቃል በመቃብሩ ድንጋይ ላይም ተቀርጿል።

ዕረፍቱ

በጥር ወር 1881 ከሳንባው ደም ይፈስሰው ጀመር። ካህን አስጠርቶ ተናዘዘ፤ ቅዱስ ቁርባንም ተቀበለ። በ28ኛው ቀን ማለዳ ሚስቱን ያቺን የቶቦልስክ ሐዲስ ኪዳን እንድታቀርብለት ጠየቃት። በተከፈተውም ገጽ ላይ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታ ሊጠመቅ ወደ ዮሐንስ በመጣ ጊዜ የተነጋገሩት ተገኘ። በዚያ የሩሲያ ቋንቋ ትርጉም ጌታ ለዮሐንስ የመለሰው ቃል እንዳይከለክለው የሚናገር ነበርና ዶስቶየቭስኪ የሚሄድበት ቀን እንደ ደረሰ ተረዳ። መጽሐፏን ለልጁ ለፊዮዶር እንዲሰጡት አዘዘ፤ በዚያው ምሽትም በ59 ዓመቱ ዐረፈ። በሴንት ፒተርስበርግ በቅዱስ አሌክሳንደር ኔቭስኪ ገዳም ሲቀበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኘው። በእርሳስና በጥፍሩ ያሰመረባት ያቺ ሐዲስ ኪዳን ዛሬም በሞስኮ በሩሲያ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ተጠብቃ ትገኛለች።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዶስቶየቭስኪን እንደ ቅዱስ አድርገን አላቀረብነውም። ጥርጥር የፈተነው፣ ቁማር የጣለው፣ ኀዘን የሰበረው ሰው ነበር። እነዚያ ሴቶች መጽሐፉን ሲሰጡት ታላቅ ደራሲ ይሆናል ብለው አልነበረም፤ እግሩ በብረት የታሰረ አንድ ወጣት አዩና አዘኑለት። አንድ ሰዓት ሰጡት፤ አንዲት መጽሐፍ ሰጡት። ያቺ መጽሐፍ 31 ዓመት አብራው ኖረች፤ ያነበባትም ቃል በድርሰቶቹ አማካይነት ሳይቤርያ ምን እንደ ሆነች እንኳ ወደማያውቁ ሕዝቦች ደረሰ።

በየከተማችን ወህኒ ቤቶች አሉ፤ ጠያቂ የሌላቸው እስረኞችም በውስጣቸው አሉ። ከመካከላቸው ማን ምን እንደሚሆን አናውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገንም። ከእኛ የሚጠበቀው መሄድ፣ መጠየቅ፣ ካለንም ማካፈል ነው። ዘሩን የሚያበቅለው እግዚአብሔር ነውና። የታሰሩትን እንድናስብ፣ ያዘኑትን እንድናጽናና የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።