ንጉሥ ካላካዋ
ዴቪድ ካላካዋ (ኖቬምበር 16 ቀን 1836 – ጃንዩዌሪ 20 ቀን 1891፤ ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ1874 እስከ ዕረፍታቸው የሃዋይ ንጉሥ ነበሩ። ዛሬ በመርከብ ሆኖሉሉ የሚደርስ ጎብኚ ሁላ የተባለውን ጭፈራ በአደባባይ ቢያይ ብዙው ድርሻ የእሳቸው ነው።

ሁላ ተራ ጭፈራ አይደለም፤ ጽሕፈት ያልነበረው ሕዝብ የአማልክቱንና የነገሥታቱን ታሪክ በዜማና በእጅ እንቅስቃሴ ያቆየበት ነው። አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ግን እንደ ነውር ቆጠሩት፤ ክርስትና የተቀበሉት ንግሥት ካአሁማኑም በ1830 ከለከሉት። ሁላ ከሕዝብ ዐይን ርቆ ኖረ። ካላካዋ በ1883 በኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ዘውድ ሲጭኑ የሁላ ባለሙያዎችን ጠርተው በግልጽ አስጨፈሩ። ቁጣው ከባድ ነበር፤ የጭፈራውን መርሐ ግብር ያተመው ሰው እንኳ ጸያፍ ጽሑፍ በማተም ተከሰሰ። ንጉሡ አልተመለሱም፦ በ1886 ሃምሳኛ ልደታቸውን በሁላ አከበሩ፤ በ1889 ደግሞ ኩሙሊፖ የተባለውን ጥንታዊ የፍጥረት ዝማሬ አሳተሙ።

በ1881 ዓለምን የዞሩ የመጀመሪያው ንጉሥ ናቸው። በ1887 ግን የታጠቁ ወገኖች ሥልጣናቸውን የሚገፍፍ ሕገ መንግሥት አስገድደው አስፈረሟቸው። በሳን ፍራንሲስኮ ዐርፈው እኅታቸው ሊሊኡኦካላኒ ነገሡ፤ በ1893 ዘውዱ ተገለበጠ። በሂሎ ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው የሁላ ውድድር በካላካዋ ቅጽል ስም፣ ደስተኛው ንጉሥ ተብሎ ይጠራል።